ጳውሎስ፣ ቡሎስ፣ ፖል፣ ፓውሎ፡- የአንድ ስም ብዙ መልክ



በስደተኞች ካምፕ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ስም የሚጠራ መምህር አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከኢትዮጵያ ወይም ከኤርትራ የመጣው ልጅ ጳውሎስ ይባላል። ከደቡብ ሱዳን የመጣው ቡሎስ ይባላል። ከኮንጎ የመጣው ፖል፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው ደግሞ ፓውሎ ይባላል። እነዚህ አራት ልጆች አንዱ የሌላውን ቋንቋ ላይችል ይችላል። ስማቸው ግን አንድ ነው። ከአንድ የላቲን ቃል ወጥቶ፣ አገር ላገር ዞሮ፣ መልኩን እየለዋወጠ መጥቶ እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ የተገናኘ ስም ነው።

በዚህ ጽሑፍ ስሙ ከየት እንደመጣ፣ ትርጉሙ ምን እንደሆነና በየቋንቋው ለምን እንደተለያየ እናያለን። ይህን የምናነሳው ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። በስደት ላለ ሰው የስም አጻጻፍ ትልቅ ጉዳይ ነው። አንድ ፊደል በመለወጧ ብቻ የትምህርት ማስረጃ ከመታወቂያ ጋር አልገጥም ሲል ተማሪው ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ስለዚህ መጀመሪያ ታሪኩን፣ ቀጥሎ ጥንቃቄውን እንመልከት።

ሮማውያን ስም እንዴት ያወጡ ነበር?

ላቲን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው። ዛሬ አፉን የፈታበት ሕዝብ የለም። ነገር ግን ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛና ሮማንኛ ከእሱ የተወለዱ ናቸው። እንግሊዝኛም ቢሆን እጅግ ብዙ ቃላት ከላቲን ወስዷል።

በጥንት ጊዜ አንድ የሮማ ዜጋ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ስም ነበረው። የመጀመሪያው የራሱ መጠሪያ ነው። ሁለተኛው የወገኑ፣ ማለትም የትልቁ ዘር ስም ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሲጀመር ቅጽል ስም የነበረ፣ ኋላ ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የቤተሰብ መለያ የሆነ ስም ነው።

ይህ ሦስተኛው ስም ሲተረጎም አንዳንዴ ያስቃል። ካልቩስ ማለት «ራሰ በራው» ማለት ነው። ሩፉስ «ቀዩ»፣ ሎንጉስ «ረጅሙ»፣ ኒጌር «ጥቁሩ» ማለት ነው። የታወቀው የሮማ ተናጋሪ የኪኬሮ (ብዙዎች ሲሴሮ የሚሉት) ስም ከሽምብራ የመጣ ነው። የሰፈር ልጆች ለጓደኛቸው እንደሚያወጡለት ዓይነት ስም ነው ማለት ነው።

ጳውሎስም ከዚሁ ጎራ ነው። በላቲን ፓውሉስ ማለት «ትንሽ» ወይም «ትንሹ» ማለት ነው። ቃሉ በቁመቱ አጭር ለሆነም፣ ለቤቱ ታናሽም ሊባል ይችላል። እኛም ብንሆን አጭሩን ሰው «አጭሬ»፣ ትንሿን ልጅ «ሚጣ»፣ ትንሹን «ማሙሽ» እንል የለ? ልዩነቱ የእኛ ማሙሽ አድጎ ሲወልድ ቅጽሉ ለልጁ አይወርድም። የሮማውያኑ ግን ወርዶ ወርዶ የትልቅ ቤተሰብ ስም ሆነ።

በዚህ ስም የታወቁት የኤሚሊዩስ ወገን የሆኑ ሰዎች ናቸው። ሉኪዩስ ኤሚሊዩስ ፓውሉስ የተባለው የሮማ መሪ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ዓመት በካናይ ጦርነት ሞተ። ያን ጦርነት ያሸነፈው ካርቴጅ ከምትባል በዛሬዋ ቱኒዚያ ከነበረች ከተማ የተነሳው አፍሪካዊው የጦር መሪ ሃኒባል ነው። የሟቹ ልጅም የአባቱን ስም የያዘ ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት ፒድና በሚባል ቦታ የመቄዶንያን ንጉሥ ፐርሴዎስን ድል አደረገ። ስሙ «ትንሹ» የሆነ ሰው ንጉሥ አሸነፈ ማለት ነው። እንግዲህ የስም ትርጉምና የሰው ዕድል ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

የቃሉ ዘመዶች

አንድን ቃል ለተማሪ ስናስረዳ ዘመዶቹን ማሳየት ይጠቅማል። የቋንቋ ሊቃውንት ፓውሉስ የሚለው ቃል ሥሩ «ጥቂት፣ ትንሽ» የሚል በጣም ጥንታዊ ቃል እንደሆነ ይናገራሉ። ከዚሁ ሥር የበቀሉ፣ በየቀኑ የምንሰማቸው ቃላት አሉ፡-

• በላቲን ፓውኩስ «ጥቂት» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ጥቂት ለማለት የምንጠቀምበት «ፊው» የዚሁ ሥር ዘመድ ነው።

• በላቲን ፓውፔር «ድሃ» ማለት ነው፤ ትንሽ ነገር ብቻ ያለው ሰው። የእንግሊዝኛው «ፑር» እና «ፖቨርቲ»፣ የፈረንሳይኛው «ፖቭር» ከእሱ የመጡ ናቸው።

• በግሪክ ፓይስ «ልጅ» ማለት ነው። ሕፃናትን የሚያክመው የሕክምና ክፍል «ፔዲያትሪክስ» የሚባለው ከዚህ ነው። መምህራን በሥልጠና የምንማረው «ፔዳጎጂ»ም እንዲሁ። በጥንት ግሪክ ፓይዳጎጎስ ይባል የነበረው ልጁን እጁን ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው አገልጋይ ነበር።

ጳውሎስ የሚለው ስምና ፔዳጎጂ የሚለው ቃል በሩቁ ይዛመዳሉ ብሎ ማን ይገምት ነበር!

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በድምፅ የሚመሳሰል ሁሉ ዘመድ አይደለም። «ፖሊስ» የሚለው ቃል ከጳውሎስ ጋር አይገናኝም፤ እሱ የመጣው «ከተማ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናገኘው አጵሎስም የጳውሎስ ሌላ መልክ አይደለም። የራሱ የግሪክ ስም ነው። ተማሪዎች ቃላት ሲያዛምዱ ይህን መለየት ይልመዱ።

ሳውል መቼ ጳውሎስ ሆነ?

ስሙን በዓለም ዙሪያ ያደረሱት የሮማ ጄኔራሎች አይደሉም። ያደረሰው ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። እሱ አይሁዳዊ ሲሆን የተወለደው በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ በምትገኘው በጠርሴስ ነው። በዕብራይስጥ ስሙ ሳውል ነበር፤ ትርጉሙም «የተለመነ፣ ተጠይቆ የተገኘ» ማለት ነው። ነገዱ ብንያም ሲሆን የእስራኤል የመጀመሪያው ንጉሥ ሳኦልም ከዚያው ነገድ ነው። ሳኦልና ሳውል በዕብራይስጥ አንድ ስም ናቸው።

ብዙ ሰው «ሳውል በደማስቆ መንገድ ላይ ሲያምን ስሙ ተለውጦ ጳውሎስ ተባለ» ብሎ ያስተምራል። እስቲ መጽሐፉን ገልጠን እንየው። በደማስቆ መንገድ የሆነው ነገር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፉ ለብዙ ምዕራፎች ሳውል እያለ ይጠራዋል። ጳውሎስ የሚለው ስም የሚመጣው በምዕራፍ 13 ቁጥር 9 ላይ፣ በቆጵሮስ ደሴት እያለ ነው። እዚያም ቢሆን «ስሙ ተለወጠ» አይልም፤ ሳውል ጳውሎስ ተብሎም እንደሚጠራ ብቻ ይነግረናል። በዚያው ምዕራፍ ያገኘው የደሴቲቱ ሮማዊ አገረ ገዢም ሰርግዮስ ጳውሎስ ይባል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምዕራፍ 22 ላይ እንደምናነበው ሐዋርያው ሲወለድ ጀምሮ የሮማ ዜጋ ነበር። በቤቱና በምኩራብ በዕብራይስጥ ስሙ፣ ወደ ግሪክና ሮማ ሰዎች ሲወጣ ደግሞ በላቲን ስሙ ይጠራ ነበር። ሁለቱም ስሞች የእሱ ናቸው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? በካምፑ ውስጥ ሁለት ስም የሌለው ልጅ ስንት ነው? ቤት ውስጥ እናቱ የምትጠራው አለ፤ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስም አለ፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ያለው አለ። ሁለት ስም ያለው ሰው አታላይ አይደለም። በሁለት ዓለም መካከል የሚኖር ሰው ነው።

ሰባኪያን ደግሞ የስሙን ትርጉም ይወዱታል። ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 15 ላይ ራሱን ከሐዋርያት ሁሉ የሚያንስ አድርጎ ስለሚናገር፣ «ትንሹ» የሚለው ስም ገጠመለት ይላሉ። ስሙ የወጣለት በዚህ ምክንያት ባይሆንም ግጥምጥሞሹ ደስ ይላል።

ከላቲን ወደ ግዕዝ

ታዲያ «ፓውሉስ» እንዴት «ጳውሎስ» ሆነ? መልሱ ግሪክ ነው። አዲስ ኪዳን የተጻፈው በግሪክ ቋንቋ ነው። በላቲን ብዙ የወንድ ስሞች «ኡስ» ብለው ያበቃሉ፤ በግሪክ ደግሞ «ኦስ» ብለው ያበቃሉ። ስለዚህ ግሪኮች ፓውሉስን ፓውሎስ አሉት። በአክሱም ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲተረጎም ስሙ ከነግሪክ ጅራቱ ገባ።

በዚህ መንገድ የመጣው ጳውሎስ ብቻውን አይደለም። ማርቆስ በላቲን ማርኩስ ሲሆን ማርስ ከሚባለው የሮማውያን የጦርነት አምላክ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ቆርኔሌዎስ ኮርኔሊዩስ የሚባል የሮማ ወገን ስም ነው። ቀሌምንጦስ «መሐሪ፣ ርኅሩኅ» ከሚለው ክሌሜንስ የመጣ ነው። ፊልክስ ደግሞ «ዕድለኛ፣ ደስተኛ» ማለት ነው። እንግዲህ እኛ «የግዕዝ ስም» ወይም «የቤተ ክርስቲያን ስም» የምንላቸው አንዳንዶቹ ሥራቸው ላቲን ነው።

ፊደላችንም ታሪኩን ይነግረናል። በግዕዝ ሁለት የ«ፕ» ዓይነት ፊደላት አሉ፡- ጰ እና ፐ። በግዕዝ የፊደል ተራ ጰ 22ኛ፣ ፐ ደግሞ 26ኛና የመጨረሻው ነው። ጰ የሚነገረው ጉሮሮን ያዝ አድርጎ በማፈንዳት ሲሆን፣ ከግሪክ የመጡ ጥንታዊ ቃላት ላይ እናገኘዋለን፡- ጳውሎስ፣ ጴጥሮስ፣ ጳጳስ፣ ጰራቅሊጦስ። ኢትዮጵያ የሚለው ስምም በእሱ ይጻፋል። በዘመናችን ከአውሮፓ የገቡት ቃላት ግን በፐ ይጻፋሉ፡- ፖሊስ፣ ፓስታ፣ ፓስፖርት፣ ፖስታ። ስለዚህ «ጳውሎስ» እና «ፖል» ሥራቸው አንድ ሆኖ፣ አንዱ በጥንቱ በር፣ ሌላው በአዲሱ በር ወደ አማርኛ እንደገቡ በፊደላቸው ብቻ መለየት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ስሙ ሥር ሰድዷል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 5 ቀን የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ስለሆነ፣ በዚያን ቀን የተወለደ ልጅ በስማቸው ቢጠራ አያስገርምም። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በዓሉን የሚያከብረው ጁን 29 ነው። ሐምሌ 5 በፈረንጆች ጁላይ 12 ላይ ይውላል፤ ይህም በጥንቱ የጁልየስ ቄሣር አቆጣጠር ያው ጁን 29 ነው። አንድ በዓል በሁለት ካሌንደር ማለት ነው። በስሙ ከታወቁት ኢትዮጵያውያን መካከል ከ1992 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ አሉ። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ የአንባብያንን ጥያቄ ይመልስ የነበረው ጋዜጠኛና ደራሲ ጳውሎስ ኞኞም አይዘነጋም።

እያንዳንዱ ቋንቋ ስሙን እንደ ልኩ ይሰፋዋል

አንድ ጨርቅ ለተለያየ ሰው እንደየቁመቱ እንደሚሰፋ ሁሉ፣ ቋንቋዎችም የውጭ ስም ሲቀበሉ ለራሳቸው አፍ እንዲመች ያደርጉታል። ምክንያቱን ካወቅን «ስሙን አበላሹት» አንልም።

ሀ. ዐረብኛ፡- በዐረብኛ «ፕ» የሚባል ድምፅ የለም። ለአፍ የሚቀርበው «ብ» ስለሆነ ቡሎስ ተባለ። የሱዳንና የደቡብ ሱዳን ክርስቲያኖች በዚህ መልክ የሚጠሩት ለዚህ ነው።

ለ. ስዋሂሊ፡- የስዋሂሊ ቃላት በአናባቢ ድምፅ ማለቅ ይወዳሉ። ስለዚህ ፓውሎ ሆነ።

ሐ. ኦሮምኛ፡- በቁቤ ሲጻፍ የጰን ድምፅ የሚወክሉት «ፒ» እና «ኤች» ተያይዘው ነው። አንድ የኦሮምኛ ተናጋሪ ተማሪ ስሙን በእነዚህ ሁለት ፊደላት ቢጀምር፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው «ፋውሎስ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ስህተቱ የተማሪው አይደለም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድን ፊደል ለተለያየ ድምፅ ስለተጠቀሙበት ነው።

መ. ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ፡- ሁለቱም መጨረሻውን ቆርጠው ፖል አሉት። አጻጻፋቸው አንድ ሆኖ አነባበባቸው ትንሽ ይለያል።

ሠ. ሌሎችም አሉ። በስፓኒሽ ፓብሎ፣ በጣሊያንኛ ፓኦሎ፣ በሩሲያኛ ፓቬል፣ በፊንላንድኛ ፓቮ ይባላል። ለሴት ሲሆን ፓውላ፣ ፖሊን፣ ፓውሊና ይሆናል።

ስፖርት ለምትወዱ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንድ ዘጠኝ ብቻ ቀድሞ ያሸነፈበትን ሩጫ ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። ፊንላንዳዊው ሯጭ ፓቮ ኑርሚም ከ1920 እስከ 1928 እ.ኤ.አ. በተደረጉ ሦስት ኦሎምፒኮች 9 የወርቅ ሜዳልያ አግኝቷል። ቴርጋትም ኑርሚም በእኛ አፍ ሁለቱም ጳውሎስ ናቸው። የብራዚሏ ትልቅ ከተማ ሳኦ ፓውሎም «ቅዱስ ጳውሎስ» ማለት ነው፤ በ1554 እ.ኤ.አ. ስትመሠረት ቀኑ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የጳውሎስን ማመን የሚያስብበት ጃንዋሪ 25 ስለነበር ስሙን ከዚያ ወሰደች።

ወረቀት ላይ ሲመጣስ?

እስካሁን ያየነው «ሁሉም አንድ ስም ነው» የሚለውን ነው። በታሪክ እውነት ነው። በወረቀት ላይ ግን አንድ አይደሉም። ዋናው መልእክታችንም ይህ ነው፡- ስሞች ዘመዳሞች ቢሆኑም አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

እስቲ አንድ ተማሪ በምሳሌ እንውሰድ። ካምፕ ሲገባ መዝጋቢው ስሙን ሰምቶ በላቲን ፊደል «ፒ-ኤ-ደብሊዩ-ኤል-ኦ-ኤስ» ብሎ ጻፈው። አንደኛ ደረጃ ሲገባ መምህሩ «ይህ እኮ በእንግሊዝኛ ፖል ነው» ብሎ «ፒ-ኤ-ዩ-ኤል» አለው። ለፈተና ሲመዘገብ ሌላ ሰው «ፒ-ኤ-ዩ-ኤል-ኦ-ኤስ» ብሎ ጻፈ። ሦስቱም ጻፊዎች ክፋት አላሰቡም። ልጁ ግን አሁን በሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ሰው ሆነ። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ሲያስገባ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ጉዳዩ ሲታይ ወይም አገሩ ተመልሶ ትምህርቱን ልቀጥል ሲል «እነዚህ ወረቀቶች የአንድ ሰው ለመሆናቸው ምን ማስረጃ አለህ?» ይባላል። ኮምፒውተር ፊደል እንጂ ዝምድና አያይም።

ችግሩ ለምን በእኛ ላይ በዛ ቢባል ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ የግዕዝን ፊደል በላቲን ስንጽፍ ሁሉም ሰው የሚከተለው አንድ ደንብ በተግባር የለም፤ ለጰ የሚሆን የላቲን ፊደልም የለም። ሁለተኛ፣ የእኛ የስም ሥርዓት ከፈረንጆቹ ይለያል። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ፎርሙ ላይ «ፋሚሊ ኔም» ሲል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል። ወንድማማቾች እንኳ በተለያየ «የቤተሰብ ስም» ተመዝግበው ይገኛሉ።

ስለዚህ መምህራን የሚከተለውን ብናደርግ፡-

1. የተማሪውን ስም በጆሮ ሰምተን ብቻ አንጻፍ። የመመዝገቢያ ወረቀቱን እንዲያመጣ ጠይቀን ፊደል በፊደል እንገልብጥ። ወረቀት ከሌለው ወላጁን ወይም አሳዳጊውን እንጠይቅ።

2. ስም አንተርጉም። ጳውሎስን ፖል፣ ዮሐንስን ጆን፣ ቡሎስን ጳውሎስ አናድርግ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። መልአክ ያወጣውን ስም የክፍል መምህር በእስክሪብቶ አይቀይረውም።

3. ስም ስንጠራ በልጁ ቤት እንደሚጠራው ለማለት እንሞክር። አፋችን ባይታዘዝልንም መሞከራችን ለልጁ ክብር ነው።

4. የፈተና ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት የስም ዝርዝሩን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ። ተማሪው ራሱ አይቶ ያርም።

ተማሪዎች ደግሞ፡-

1. በመመዝገቢያ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ በቃላችሁ ያዙ። በደብተር፣ በፈተና ወረቀት፣ በፎርም ሁሉ እሱን ብቻ ጻፉ። የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተልም እንዲሁ።

2. ስህተት ካገኛችሁ በራሳችሁ እጅ አትፋቁ፣ አትደልዙ። የተፋቀ ወረቀት ከተሳሳተ ወረቀት የባሰ ነው። ወረቀቱን የሰጠው ቢሮ ዘንድ ሄዳችሁ እንዲታረም ጠይቁ፤ የጠየቃችሁበትን ቀንም ጻፉ።

3. ከአገር ቤት ያመጣችሁት ሰርተፊኬት በሌላ አጻጻፍ ከሆነ አትጣሉት። ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከሚመለከተው ቢሮ ጠይቁና አያይዛችሁ አስቀምጡ።

4. የሁሉንም ፎቶ ኮፒ ከዋናው ለይታችሁ ሌላ ቦታ አኑሩ። ዝናብ፣ እሳትና ምስጥ በካምፕ ውስጥ አይታመኑም።

ለክፍል የሚሆን ልምምድ

በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሠራ የሚችል ነው። ተማሪዎችን ከተለያየ ቋንቋ አራት አራት አድርጋችሁ መድቡ።

• እያንዳንዱ ተማሪ የስሙን ትርጉምና ቋንቋውን ይናገር። ካላወቀ ቤት ጠይቆ ይምጣ።

• ስሙ በጓደኞቹ ቋንቋ ሌላ መልክ ካለው ይፈልጉ። ዮሐንስና ያህያ፣ ዮሴፍና ዩሱፍ፣ ማርያምና ማሪያሙ ጥሩ መነሻ ናቸው።

• የተለወጠው ድምፅ የትኛው ነው? ለምን? «ፕ» የሌለው ቋንቋ ምን አደረገ? በአናባቢ የሚያልቀውስ?

• በመጨረሻ ሁሉም ስሙን በመመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ እንዳለው አድርጎ በላቲን ፊደል ሦስት ጊዜ ይጻፍ።

አንድ ጥንቃቄ አደራ እንላለን። በስደት መንገድ ላይ ሕይወቱን ለማትረፍ ስሙን የቀየረ ልጅ ሊኖር ይችላል። ስሙን የሰጡት ወላጆቹ በሕይወት የሌሉም አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ስለ ስሙ መናገር ካልፈለገ በክፍል ፊት አታስጨንቁት። የታወቀ ሰው ስም መርጦ እንዲሠራ ፍቀዱለት። የስም ለውጡ በወረቀቱ ላይ ችግር የሚያመጣበት ከሆነ ደግሞ ለብቻው አነጋግራችሁ፣ ፈቃዱ ሲሆን ጉዳዩን ወደሚመለከተው ክፍል እንዲያቀርብ እርዱት።

ለማጠቃለል ያህል፣ «ትንሹ» የሚል ቅጽል ስም ከሮማ ተነስቶ በግሪክ አልፎ ግዕዝ ገባ፤ ዐረብኛ ገባ፤ ስዋሂሊ ገባ። በየደረሰበት የአገሩን ልብስ ለበሰ፤ ግን አልጠፋም። እኛም በየመንገዱ አንዳንድ ነገር ተለውጦብናል። ስማችን ግን በእጃችን ያለ ነው። ታሪኩን እንወቀው፣ የሌላውንም እናክብር፣ ስንጽፈው ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት እንጻፈው።

ሌላ ትርጉሙን ማወቅ የምትፈልጉት ስም ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ለትምህርት ቤታችሁ ርዕሰ መምህር ስጡልን። ቸር ይግጠመን።